ኮቴ ያቀለለው ገላ

አንድ ተሳታፊ ማይክሮፎን የተገጠመለት ክፍት ጫማ አድርጎ ይራመዳል። ጆሮውን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ ማዳመጫ ደፍቷል። ማይክሮፎኖቹ የእያንዳንዱን እርምጃ ድምፅ ይለቅማሉ፤ አብሮት የሚጓዝ አነስተኛ መሣሪያ ድምፁን በዚያው ቅጽበት አስተካክሎ ወደ ጆሮው ይልከዋል። የሚሰማው የገዛ ኮቴውን ነው። የተነካበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከ1 እስከ 4 ኪሎሄርዝ ያለው ቀጭኑ የድምፅ ክፍል በ12 ዲሲቤል ጎልቷል፣ ከ83 እስከ 250 ሄርዝ ያለው ወፍራሙ ክፍል ደግሞ በዚያው ልክ ደክሟል። ቀለል ያለ ሰው ሲራመድ የሚሰማው ዓይነት ኮቴ ሆኗል ማለት ነው።

ከተራመደ በኋላ ኮምፒውተር ፊት ይቀርባል። በስክሪኑ ላይ ያለውን የሰው ምስል እያወፈረና እያቀጠነ የራሱን ገላ አከለ እስኪል ድረስ ያስተካክላል። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ኮቴያቸው የቀጠነላቸው ሰዎች ራሳቸውን ቀጠን ያሉ አድርገው ሣሉ፤ ኮቴያቸው ሲወፍርባቸው የሣሉትም ገላ ወፈረ። ምስሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግምት ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። አረማመዳቸውም አብሮ ተለወጠ። በቀጭኑ ኮቴ ሲራመዱ ተረከዛቸው መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ፤ እግራቸውን ፈጠን አድርገው አነሡ፤ ስሜታቸውም ተነቃቃ። ክብደታቸው ግን አንድ ግራም እንኳ አልቀነሰም።

ይህን ሙከራ ስፔናዊቷ ተመራማሪ አና ታሃዱራ ሂሜኔዝ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ከሚያስተምሩት ከናዲያ ቢያንኪ በርቱዝና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 ሴኡል ላይ በተካሄደ የሰውና የኮምፒውተር ግንኙነት ጉባኤ አቀረቡት። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ከሰውየው አካል ላይ የቀነሰውም የጨመረበትም የለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሰውየው ራሱ ላደረገው እንቅስቃሴ ትንሽ የተለወጠ መልስ መስጠት ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰው ስለ ገላው ያለውን ስሜት የሚለውጠው ቴክኖሎጂ አዲስ ገላ የሚያሳየው ሳይሆን፣ ለሰውየው እንቅስቃሴ በሰዓቱ መልስ የሚሰጠው ነው።

ነገሩ የሚያስገርመን የገዛ ገላችንን በርግጠኝነት እናውቀዋለን ብለን ስለምናምን ነው። ስለ ዓለም ብንሳሳት፣ ስለ ሰው ብንሳሳት፣ ክንዳችን የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚረዝም አንሳሳትም እንላለን። ነገር ግን በሰውነታችን ውስጥ «ክንድህ ይህን ያህል ይረዝማል፣ ወገብህ ይህን ያህል ይሰፋል» ብሎ ለአንጎል የሚናገር አንድም ሕዋስ የለም። በጡንቻ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት የሚያውቁት ጡንቻው ምን ያህል እንደተሳበ ነው። የቆዳ ሕዋሳት መነካትን፣ ጫናንና ንዝረትን ይናገራሉ። የውስጥ ጆሮ ስለ ሚዛን፣ ዓይን ስላየው፣ ጆሮም ስለሰማው ይናገራል። አንጎል እንደ ዳኛ ተቀምጦ የእነዚህን ሁሉ ምስክርነት ይሰማል፤ የማን ቃል ከማን ቃል ጋር እንደሚገጥም ያመዛዝናል፤ ከዚያ ይፈርዳል። «ገላዬ» የምንለው ያንን ፍርድ ነው። ፍርዱ ደግሞ የመጨረሻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደገና ይታያል።

እንግሊዛዊው የነርቭ ሳይንቲስት ቻርልስ ሼሪንግተን በ1906 ባሳተሙት መጽሐፍ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ለሚመጣው ስሜት ፕሮፕሪዮሴፕሽን የሚል ስም ሰጡት። ዓይናችንን ጨፍነን አፍንጫችንን መንካት የምንችለው በዚህ ስሜት ነው። ብዙ ሰው ይህ ስሜት እንዳለው ሳያውቅ ይኖራል፤ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። ኢያን ዋተርማን የተባለው እንግሊዛዊ በ1971፣ በ19 ዓመቱ፣ ታሞ ሲነሣ ከአንገቱ በታች የመነካትም የአካል አቋምም ስሜት አልነበረውም። ጡንቻዎቹ ደኅና ነበሩ፤ ሽባ አልሆነም። እጁን አንሣ ሲሉት እጁ ይነሣል፣ ወዴት እንደሄደ ግን ካላየው አያውቅም። ለመቀመጥ፣ ለመቆም፣ በመጨረሻም ለመራመድ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይኑ እየተከተለ እንደ አዲስ ተማረ። መብራት ድንገት ከጠፋ ይወድቃል። ሐኪሙ ጆናታን ኮል በ1991 የጻፉለትን መጽሐፍ ያነበበ ሰው፣ አንድ ዋና ምስክር ሲቀር ሌላው ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም ይገባዋል።

ምስክሮቹ ሲጋጩስ? ከዚህ ጥያቄ የተነሡ ሙከራዎች ብዙ ናቸው። በጣም የታወቀው በ1998 ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ነው። ሰውየው የራሱ እጅ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ፣ ከፊቱ የጎማ እጅ ይቀመጥለታል። ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ በቀለም ብሩሽ ይዳበሳሉ። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው ብሩሹ የሚሰማው በጎማው እጅ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ዓይን «እዚያ ተነካ» ይላል፣ ቆዳ «ተነካሁ» ይላል፣ ጊዜያቸው አንድ ነው፤ አንጎልም እጁ ያ ነው ብሎ ይፈርዳል። ብሩሾቹ ተራ በተራ፣ ጊዜያቸው ተዛንፎ ሲነኩ ግን ስሜቱ ይደክማል። ንድፍ ለሚሠራ ሰው ከሙከራው የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ጎማው የሰው እጅ ምን ያህል ይመስላል ከሚለው ይልቅ ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ጊዜ መድረሳቸው ይበልጣል። ለዚህ ነው መልሱን የሚያዘገይ መሣሪያ የቱንም ያህል ውብ ቢሆን ገላን የማይነካው።

ከዚያ በፊት በ1988 አሜሪካዊው ጄምስ ላክነር ያደረጉት ሙከራ ደግሞ የዳኛውን አእምሮ በግልጽ ያሳያል። ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው የአፍንጫውን ጫፍ በጣቶቹ ይይዛል። በክንዱ የፊት ጡንቻ ጅማት ላይ ነዛሪ መሣሪያ ይደረጋል። ንዝረቱ ጡንቻው እየተሳበ እንደሆነ አድርጎ ለአንጎል ይናገራል፤ ጡንቻው ከተሳበ ክርኑ እየተዘረጋ ነው ማለት ነው። ጣቶቹ ግን አሁንም አፍንጫውን ይዘዋል። ክርኑ ከተዘረጋና ጣቶቹ አፍንጫውን ካልለቀቁ፣ ለሁለቱም ቃል የሚስማማ አንድ ፍርድ ነው ያለው፤ አፍንጫው ረዝሟል። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች አፍንጫቸው ሲረዝም በትክክል ተሰማቸው። አንጎል እዚህ ላይ አልተሳሳተም ለማለት እደፍራለሁ፤ በቀረበለት ማስረጃ መሠረት በጥንቃቄ ፈርዷል።

ስለ ዓይንና ስለ ቆዳ ብዙ ተጽፏል። ጆሮ ግን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር፤ ይህ መረሳቱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰውነታችን የማያቋርጥ የድምፅ ምንጭ ነው። ስንራመድ፣ ስንተሻሽ፣ እቃ ስናስቀምጥ፣ ስናኝክ፣ ስንተነፍስ ገላችን ይናገራል፤ እኛም ሳናስተውል እንሰማዋለን። በ1998 ፊንላንድ ውስጥ ቬይኮ ዩስማኪና ሪታ ሃሪ ሰዎች መዳፋቸውን እርስ በርስ ሲያሻሹ የሚወጣውን ድምፅ በማይክሮፎን እየለቀሙ ቀጭኑን ክፍል አጉልተው መልሰው አሰሟቸው። ተሳታፊዎቹ ቆዳቸው ደርቆ እንደ ብራና ሆኖ ተሰማቸው። በ2014 ደግሞ በኢሬኔ ሴና የተመራ ቡድን የተሳታፊዎችን እጅ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ እየመታ፣ በእያንዳንዱ ምት የቆዳውን ድምፅ እያጠፋ፣ በምትኩ መዶሻ እብነ በረድ ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ አሰማ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ሰዎቹ እጃቸው እየከበደ፣ እየጠነከረ፣ ስሜቱ እየደነዘዘ እንደሄደ ተናገሩ። አጥንትና ሥጋ መሆናቸውን ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት እጅ በ5 ደቂቃ ድምፅ ወደ ድንጋይ ተጠጋ።

ታሃዱራ ሂሜኔዝ ወደ ጫማው የደረሱት በዚህ መንገድ ነው። በ2012 ባወጡት ጥናት ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው ወለሉን ሲያንኳኩ፣ የማንኳኳቱ ድምፅ ከእጃቸው ርቀት በእጥፍ ርቆ እንዲመጣ አደረጉ። ድምፁ ከምቱ ጋር እኩል ሲደርስ ክንዳቸው የረዘመ ያህል ሆነ። በ2017 ደግሞ ሰዎች የገዛ ጣታቸውን እየሳቡ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ እንዲሰሙ አደረጉ፤ ጣታቸው የረዘመ መሰላቸው። እነዚህን ሁሉ ሥራዎች አንድ የሚያስተሳስራቸው ነገር አለ፤ ድምፁ የሚለወጠው ከሰውየው ድርጊት ጋር ተያይዞ ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው የቀጭን ሰው ኮቴ ቢያሰሙት የሌላ ሰው ኮቴ ሰማሁ ይላል እንጂ ቀለልኩ አይልም።

ድርጊት ለምን ይህን ያህል ኃይል ኖረው? ከሁሉ የሚጠቅመን የፖል ባክ ኢ ሪታ ሥራ ይመስለኛል። እኚህ አሜሪካዊ ሐኪም በ1969 ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የሠሩት ወንበር ጀርባው ላይ 400 ነዛሪ ነጥቦች ነበሩት። የቴሌቪዥን ካሜራ የያዘው ምስል በነጥቦቹ አማካይነት በሰውየው ጀርባ ቆዳ ላይ ይሣላል። ካሜራውን ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ጀርባው ላይ የሚሄድ ንዝረት ብቻ ነበር። ካሜራውን በራሱ እጅ ሲያዞር፣ ሲያቀርብና ሲያርቅ ግን ከልምምድ በኋላ ንዝረቱ ተረሳ፤ ዕቃው ከፊቱ፣ ከእሱ ውጭ፣ በርቀት ላይ ያለ ሆነ። ቆዳውም ነጥቦቹም የነበሩት ናቸው፤ የተጨመረው የገዛ እጁ ነው።

በጃፓን አፁሺ ኢሪኪና ባልደረቦቻቸው በ1996 በዝንጀሮዎች ላይ ያዩትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ዝንጀሮዎቹ ራቅ ያለ ምግብ በመጎተቻ ዘንግ እየሳቡ መብላት ሲለምዱ፣ እጅንና በእጅ ዙሪያ ያለውን ስፍራ የሚከታተሉት የአንጎል ሕዋሳት ዘንጉን ጭምር መከታተል ጀመሩ። ዘንጉን ይዘው ሳይጠቀሙበት ሲቀመጡ ግን ይህ አልታየም። ሜል ስሌተርና ባልደረቦቻቸው በባርሴሎና ሆነው በ2013 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ወደ ሰው ያመጣዋል። አዋቂ ሰዎች የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር አድርገው ራሳቸውን በ4 ዓመት ሕፃን ገላ ውስጥ አገኙት፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዚያው ቁመት ልክ ባጠረ አዋቂ ገላ ውስጥ። ቁመቱ አንድ ቢሆንም በሕፃኑ ገላ ውስጥ ሳሉ በዙሪያቸው ያሉትን ዕቃዎች ይበልጥ ትልልቅ አድርገው ገመቱ። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከራሳቸው እንቅስቃሴ ጋር እንዳይገጥም ሲደረግ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

ንድፍ ባለሙያዋ ዳኒ ክሎድ በ2017 ለንደን ውስጥ የጀመሩት «ሦስተኛው አውራ ጣት» ደግሞ ገላ ላይ ጭማሪ ያመጣል። በ3ዲ ማተሚያ የተሠራ ጣት ነው፤ ከትንሿ ጣት ጎን ይታሰራል፤ የሚታዘዘው ከእግር አውራ ጣቶች ሥር በተደረጉ የጫና መለኪያዎች ነው። ከነርቭ ሳይንቲስቷ ታማር ማኪን ቡድን ጋር በተሠራውና በ2021 በወጣው ጥናት ሰዎች ለ5 ቀናት ሠለጠኑበት፤ ቤታቸውም እየወሰዱ ተጠቀሙበት። ጣቱ የገላቸው ክፍል እየመሰላቸው መሄዱን ተናገሩ። በአንጎል ምስል ላይ ደግሞ የገዛ እጃቸው ጣቶች አንዱ ከሌላው የሚለዩበት ምልክት ደብዝዞ ታየ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ተጨማሪው ጣት ያለ ዋጋ አልመጣም፤ በነበሩት ጣቶች ውክልና ላይ ለውጥ አስከትሏል። ለውጡ ጎጂ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ገላ ላይ የሚጨመር ነገር የነበረውን ገላ ሳይነካ የሚቀመጥ አይመስልም።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል? መልሱ ከሁሉ በፊት ለሚያማቸው ነው። ሐኪሙ ሳይላስ ዊር ሚቸል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ ወታደሮችን ሲያክሙ፣ የሌለው እግር አሁንም እንደሚያሳክክ፣ እንደሚጨመደድና እንደሚያቃጥል ሰሙ፤ በ1871 ስለ ክስተቱ ጻፉ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1990ዎቹ ቪላያኑር ራማቻንድራን መስተዋት በሰውየው ፊት በቁሙ አቁመው ደኅናውን እጅ በመስተዋቱ ውስጥ እንዲያይ አደረጉ። ደኅናው ሲንቀሳቀስ የጠፋው እጅ የተመለሰና የሚታዘዝ ይመስላል። በ2007 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ አነስተኛ ጥናት እግራቸውን ባጡ ሰዎች ላይ ይህን ሞከረ፤ ለ4 ሳምንታት በመስተዋት የተለማመዱት ሁሉ ሕመሙ ቀነሰልን አሉ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ሁሉ እንዲህ ብሩህ ውጤት አላገኙም፤ የሚረዳቸውም የማይረዳቸውም አሉ። ሆኖም መስተዋት ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ጥገና አይፈልግም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። በጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ ብዙ ሰዎች ባሉባት ኢትዮጵያ፣ ሰው ሠራሽ እግር በሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ አንድ ረጅም መስተዋትና የሚያሠለጥን ባለሙያ ቢኖር ብዬ አጥብቄ እመኛለሁ።

ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ሕመሙን ፈርተው መጎንበስ ይተዋሉ፤ ባልተንቀሳቀሱ ቁጥር ወገባቸው ምን ያህል መሄድ እንደሚችል ይጠፋባቸዋል። የቢያንኪ በርቱዝ ቡድን ለእነዚህ ሰዎች የሠራው መሣሪያ ስማርት ስልክን ጀርባ ላይ አስሮ የወገብን መጎንበስ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ነው። ሰውየው ባጎነበሰ ቁጥር ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ከመነሻው ልኩን የሚወስነው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ ዛሬ የሚመቸኝ እስከዚህ ነው ያለው ቦታ መድረሻ ይሆናል። መሣሪያው «ገና ነህ» አይለውም። ያደረገውን ግን በድምፅ ያሳውቀዋል፤ ያላስተዋለው ትንሽ እንቅስቃሴ ጆሮው ላይ ሲደርስ መንቀሳቀስ እንደሚችል ያምናል። እኔ ከጫማው ይልቅ ይህን አብልጬ የምወድበት ጊዜ አለ።

በኮቴው ሙከራ ውስጥ ያለው አደጋም እዚህ ጋ ይታየኛል። ቀጭን ኮቴ ደስ ያሰኛል ማለት፣ ቀጭን መሆን ደስ ያሰኛል የሚለውን ማኅበራዊ ጫና በጫማ ውስጥ መስፋት ሊሆን ይችላል። ምግብ በመተው በሚገለጠው አኖሬክሲያ በተባለው ሕመም የተያዙ ሰዎች ገላቸው ከሆነው በላይ ሰፊ ሆኖ ይሰማቸዋል። አኑክ ካይዘርና ባልደረቦቻቸው በ2013 በኔዘርላንድስ ያደረጉት ጥናት ይህ ስሜት በሐሳብ ብቻ እንዳልቀረ አሳይቷል። ሕመምተኞቹ በበር መሰል ክፍተት ሲያልፉ ክፍተቱ ከትከሻቸው 40 በመቶ ያህል ሰፍቶም ትከሻቸውን ወደ ጎን ያዞሩ ነበር፤ ሕመሙ የሌለባቸው ግን የሚያዞሩት 25 በመቶ ያህል ሲሰፋ ነው። እግራቸው የሚሄደው በፍርዱ ልክ ነው፣ በገላቸው ልክ አይደለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2016 በቨርቹዋል ሪያሊቲ ጤናማ ክብደት ያለው ገላ የራሳቸው መስሎ እንዲሰማቸው ሲያደርጉ የተጋነነው ግምት ቀንሷል። ያው ዘዴ ለመድኃኒትነት ከሠራ ለሕመምም ሊሠራ ይችላል። ገላዋን ለማየት የምትፈራ የ15 ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚያቀጥን ኮቴ ስትሰማ ምን እንደምትሆን መጠየቅ የሻጩም የነዳፊውም ግዴታ ነው።

የጫማው ሠሪዎች ራሳቸው ይህን አልዘነጉም። በ2017 ባወጡት ሥራ ላይ፣ ውስብስብ የአካባቢ ሕመም ወይም ሲአርፒኤስ በሚባለው ሕመም የተያዙ ሰዎች ጫማውን ሞከሩት። ይህ ሕመም ያለበት እጅ ወይም እግር ለባለቤቱ ብዙ ጊዜ ያበጠና ከመጠኑ የገዘፈ ሆኖ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ኮቴው ሲቀጥን እግሩም ይቀልለታል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ውጤቱ ግን ከሰው ሰው ተለያየ፤ ለአንዱ የቀለለው ለሌላው እንዲያ አልሆነም፤ የሕመማቸው ምላሽም አንድ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጫማ ከፋብሪካ በአንድ ልክ ተስተካክሎ መውጣት የለበትም። ድምፁን የሚያቀጥነውና የሚያወፍረው ቁልፍ በለባሹ እጅ መሆን አለበት፤ የሚያጠፋው ቁልፍም እንዲሁ።